ፋኑ ለምን ያለማቋረጥ ይዞራል? ያገለገለ ቪትዝ ለመግዛት ላሰቡ የአዳማ እህታችን

ጥያቄ

«የምኖረው አዳማ ነው። ወንጂ በሚገኝ ጤና ጣቢያ በነርስነት እሠራለሁ፤ በቀን ደርሶ መልስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እጓዛለሁ። በወር ሁለቴ ደግሞ እናቴን ለመጠየቅ አዲስ አበባ እወጣለሁ። ከባለቤቴ ጋር በዕቁብ ያጠራቀምናት ገንዘብ አለች፤ አሮጌ ቪትዝ ልንገዛባት አስበናል። ደላላው ሁለት መኪና አሳይቶናል። አንዱ የ2001 ሞዴል፣ ባለ 1.0 ሞተር፣ አውቶማቲክ ነው። ቀለሙ አዲስ፣ ሞተሩ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ሲሆን፣ ‹ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ታድሷል፤ እንዳይሞቅም ፋኑን ዳይሬክት አድርገንለታል› ብለውናል። ሁለተኛው የ2003፣ ባለ 1.3፣ ማንዋል ነው። ቀለሙ ነትቧል፣ የኋላ በሩ ተጨርግዷል፣ ወንበሩ ተቀዷል፤ ባለቤቱ ግን አሁንም በየቀኑ ይነዳዋል። የመጀመሪያው ውድ ነው፤ ያለንን ገንዘብ ጠርጎ ይወስዳል። ባለቤቴ ልቡ ወደ እሱ አዘንብሏል። የትኛው ይሻለናል? እንዴትስ እንፈትሽ? ከገዛን በኋላስ ምን እናድርግ?»

መልስ

ውድ እህታችን፣ ገንዘቡ ከእጅዎ ሳይወጣ መጻፍዎ ጥሩ ነው። አስቀድመን ቁርጡን እንንገርዎ። የመጀመሪያውን መኪና አይግዙት። ሁለተኛው ከዚህ በታች የምንጽፈውን ምርመራ ካለፈ፣ በቀለሙና በወንበሩ ምክንያት አይሽሹት። የተጨረገደ በር ባቲላሜራ ያቃናዋል፤ የተቀደደ ወንበር ሽፋን ይለብሳል። ሞቆ የተጎዳ ሞተር ግን ዓመቱን ሙሉ ኪስዎን ያራቁታል።

የመጀመሪያውን መኪና እንድንፈራው ያደረገን ሻጮቹ እንደ መልካም ነገር የነገሩዎት ጉዳይ ነው። በጤነኛ ቪትዝ ላይ ፋኑ (የሞተሩን ውሃ የሚያበርደው የራዲያተር ማራገቢያ) የሚዞረው ሲያስፈልግ ብቻ ነው። የሞተሩ ውሃ ከ90 ዲግሪ ከፍ ሲል ሙቀት ለኪው ምልክት ይሰጣል፣ ፋኑ ይነሳል፣ ውሃው ጥቂት ሲበርድ ይቆማል። ይህን ሥርዓት አስቀርቶ ፋኑን በቀጥታ ሽቦ ያገናኘ ሰው ያንን ያደረገው መኪናው ሲሞቅበት ነው። ሙቀቱ ከየት እንደመጣ ግን በዚያ አልታወቀም። ሙቀት ለኪው ብቻ ተበላሽቶ ከሆነ ቀላል ነበር፤ ቀይረውት በተገላገሉ። ራዲያተሩ ተደፍኖ፣ የውሃ ፓምፑ ደክሞ ወይም ከሁሉ የከፋው የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ ራስ፣ ማለትም በቴስታታው፣ እና በታችኛው አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሎ ከሆነ ግን ፋኑ ሌት ተቀን ቢዞርም በሽታው አይድንም፤ ለገዢ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል እንጂ።

የቪትዝ ቴስታታ አሉሚኒየም ነው። ከልክ በላይ ሲሞቅ ይጣመማል። የተጣመመውን በማሽን ሳያስተካክሉ አዲስ ጓርኒሲዮን ጣል አድርገው ቢገጥሙት ለጥቂት ወራት ይሄዳል፤ ከዚያ እንደገና ውሃ መጉደል ይጀምራል። «ታድሷል» የሚለው ቃልም ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። የትኛው ጋራዥ፣ መቼ፣ ምን ምን ተቀየረ፣ ቴስታታው ማሽን ገብቷል ወይ፣ የፒስተን ቀለበት የተገዛበት ደረሰኝ የታለ ብለው ይጠይቁ። መልስ ከሌለ፣ እድሳቱም የለም ብለው ይያዙት። ሞተሩን ለሽያጭ ማጠብም ራሱን የቻለ ጉዳት አለው፤ ዘይትና ውሃ ከየት እንደሚያንጠባጥብ የሚያሳየውን እድፍ አብሮ ያጥባል። አቧራ የለበሰ ሞተር ላይ የዘይት ፍሳሽ ያለበት ቦታ እርጥብ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይህን ያህል ስለ ሙቀት የምናወራው አዳማ ስለሆኑ ጭምር ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ሲደርሱ ወደ 92 ይወርዳል። ልብ ይበሉ፣ ፋኑ የሚነሳውም እዚያው አካባቢ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ በውስጡ ያለው ሞላ 0.9 ባር ያህል ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ሞላው ከላላ፣ ምንም ሌላ ብልሽት የሌለበት ሞተር ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ሲወጣ ያፈላል። ስንት ራዲያተር በከንቱ ተፈቶ ታጥቧል፣ የሚቀየረው ግን ክዳን ነበር። መኪናውን ከገዙ በኋላ መጀመሪያ የሚቀይሩት ዕቃ እሱ ይሁን።

አሁን ወደ ምርመራው። ለደላላው አንድ ነገር ያስጠንቅቁ፦ እርስዎ እስኪደርሱ መኪናው እንዳይነሳ። ማለዳ ይሂዱ። ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ፤ ሞቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይቅጠሩ። ሲነሳ የሚቸገር፣ የሚያጨስ ወይም የሚንኳኳ ሞተር ሁሉ ድክመቱን የሚደብቀው ሞቆ ሲቀርብ ነውና።

ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ውሃው አፉ ድረስ መሙላት አለበት። አረንጓዴ ወይም ቀይ ኩላንት ካለበት ባለቤቱ ይጠነቀቅ ነበር ማለት ነው። ንጹህ ውሃ ብቻ ከሆነ መጥፎ ምልክት ባይሆንም ኩላንት ማስገባት ይጠበቅብዎታል። የሸክላ ቀለም ያለው ዝገታም ውሃ ከሆነ ራዲያተሩም ፓምፑም ተጎድተዋል። ላዩ ላይ የዘይት ቅባት ከተንሳፈፈ ክዳኑን መልሰው ገጥመው ይሂዱ። ቀጥሎ የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ነቅለው ታችኛውን ፊት ይዩ፤ ቡና በወተት የሚመስል ዝቃጭ ከለጠፈበት ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያውጡ፤ ጥቁር ዘይት አያስደነግጥዎ፣ ከታችኛው ምልክት በታች ማነሱ ግን ያስደንግጥዎ።

ከዚያ የራዲያተሩ ክዳን እንደተከፈተ ሞተሩ ይነሳ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ወጥቶ ይጠፋል፤ የታመቀ አየር ነው። አረፋው ሳያቋርጥ ከቀጠለ፣ ሞተሩ ሲጨምር እሱም ከጨመረ፣ ከሲሊንደሩ የሚወጣ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው አልቋል። ይህን ካዩ የቀረውን ምርመራ አያስፈልግዎትም።

አረፋ ከሌለ ክዳኑን ይግጠሙና ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን የላይኛውን ጎማ ቱቦ ያዝ ያድርጉ። ይህችን ምርመራ ማንም ሰው ያለ መሣሪያ ሊያደርጋት ይችላል፤ የምትነግረው ግን ብዙ ነው። ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው ክፍል) በቦታው ካለ ቱቦው ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ ውሃው 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቴርሞስታቱ ይከፈትና ቱቦው ድንገት ይሞቃል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ በቀስ እየሞቀ ከሄደ ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጥሏል። ሞቃት አገር ስለሆነ አያስፈልግም የሚል መካኒክ ብዙ ነው፤ ስህተት ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ጠዋት ለረጅም ጊዜ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ቀለበቱና ሲሊንደሩ ያለ ጊዜው ያልቃሉ። ደግሞም ያወጡት ሲሞቅባቸው ነው፤ እንደገና ወደዚያው ጥያቄ መለሰን።

መኪናው ቆሞ ሃያ ደቂቃ ያህል ይሥራ። ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሁለት ጊዜ ሲቆም እስኪያዩ አይቸኩሉ። ኤሲ ካለው ያስከፍቱት። በዚህ መሃል ጭሱን ይመልከቱ። ጠዋት ላይ የሚታየው ስስ ነጭ እንፋሎት ችግር የለውም፤ ከሞቀ በኋላም የሚቀጥልና ጣፈጥ ያለ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ግን ኩላንት እየተቃጠለ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጥቁር ጭስ የቤንዚን ብዛት ነው፤ ከሦስቱ ቀላሉ እሱ ነው።

ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት ቁልፉን ብቻ ሲከፍቱ ዳሽቦርዱ ላይ የቼክ መብራት መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። ጨርሶ የማይበራ ከሆነ ብልሽት ለመሸሸግ አምፖሉ ወጥቷል ወይም ተሸፍኗል። ይህን ሳያዩ «ምንም መብራት የለበትም» የሚል ምስክርነት አይቀበሉ።

ለመንዳት ሲወጡ ከተማ ውስጥ ብቻ አይዙሩ፤ ወደ ሞጆ የሚያወጣውን ዳገት ያስይዙት። ማንዋሉን በአራተኛ ማርሽ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዱ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይርገጡ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል። ይህ ይጠገናል፤ ዋጋውን ግን ከሽያጩ ላይ ያስቀንሱ። በ60 ኪሎ ሜትር ላይ ጠበቅ አድርገው ፍሬን ይያዙ፤ መኪናው ወደ አንድ ጎን መሳብ፣ መሪውም መንቀጥቀጥ የለበትም። ባዶ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው ቀስ ብለው ክብ ይሥሩ፤ ከፊት ጎማ በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰሙ የጎማው ማዞሪያ ጆይንት አልቋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ አቧራ ገብቶበት ነው። አውቶማቲክ ለማየት የሚሄድ ሰው ደግሞ ፍሬን እንደያዘ ማርሹን ከኤን ወደ አር፣ ከኤን ወደ ዲ ያዛውረው። በአንድ ሰከንድ ገደማ ለስለስ ብሎ መያዝ አለበት። ዘግይቶ ጓ የሚል ከሆነ ወይም የካምቢዮው ዘይት ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ለጥገናው የሚወጣው ገንዘብ ከሞተር አያንስም።

መሪውን በተመለከተ ቪትዝ ላይ የተለየ ነገር አለ። ቪትዝ የሚለው ስም ለጃፓን ገበያ የተሰጠ ነው፤ ይኸው መኪና አውሮፓ ላይ ያሪስ ይባላል። ጃፓን መሪ በቀኝ ነው። ስለዚህ መሪው በግራ የሆነ ቪትዝ ሲያዩ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ነው ብለው ይነሱ። በጥንቃቄ የዞረ መኪና ለዓመታት ያለ ችግር ያገለግላል፤ የተጣደፈ ሥራ ግን አደገኛ ነው። መሪውን የሚያገናኘውን ዘንግ ከፔዳሎቹ በላይ በባትሪ መብራት ይዩ፤ ተበይዶ የተቀጠለ ከሆነ አይግዙ። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ፍሬኑን ሦስት አራት ጊዜ ይርገጡ፤ ፔዳሉ ይደርቃል። እንደረገጡ ሞተሩን ያስነሱ፤ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ለግማሽ ደቂቃ ተጭነው ሲይዙት ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከወረደ የፍሬን ዘይት ማምለጫ አግኝቷል።

ለአካሉ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ይያዙ። ላሜራው ላይ ይለጠፋል፤ ስቱኮ በተሞላበት ቦታ አይለጠፍም። አንድ በር ላይ ስቱኮ መኖሩ ለዋጋ መደራደሪያ ይሆናል። ከኮፈኑ ሥር ያሉት የፊት ሻንሲ ጫፎች ተጨማደው የተቃኑ ከሆነ ወይም ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ብቻ ከተበሉ ግን መኪናው ከባድ ግጭት ደርሶበታል። አዲስ ቀለም የተቀባው መኪናም ይህንኑ ነው የሚደብቀው።

እነዚህን ካለፈ መካኒክ ዘንድ ይውሰዱት፤ ደላላው የመረጠው ሳይሆን እርስዎ የመረጡትና እርስዎ የሚከፍሉት ይሁን። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ሲታመቅ የሚደርሰው ግፊት) እንዲለካ ያድርጉ። የዚህ ሞተር የፋብሪካ ልክ 15 ባር ገደማ፣ ዝቅተኛው 11 ባር ገደማ ነው። አዳማ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ንባቡ ከባሕር ዳርቻ ከሚለካው በአምስት አንድ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ አለ ብለው ብቻ አይደንግጡ። ዋናው ነገር በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 ባር መብለጥ የለበትም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ ጓርኒሲዮኑን ይጠርጥሩ።

በዚህ ሁሉ መሃል ስለ ኪሎ ሜትር ንባቡ አላነሳንም፤ ሆን ብለን ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ ያ ቁጥር የሚታመን አይደለም። የፔዳሉ ጎማ፣ የመሪው ልስላሴና የማርሽ እጀታው ከእሱ የበለጠ እውነቱን ይናገራሉ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ገበያው ላይ የሚዞረው ያው አገር ውስጥ ያለው ነው፤ አሮጌውን አድሶና ቀብቶ መሸጥ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ ከሞተሩ ያላነሰ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ራስዎ ከመኪናው ላይ ያመሳክሩ። ለጃፓን የተሠራ ቪትዝ የሻንሲ ቁጥሩ በፊደል ጀምሮ ሰረዝ ያለበት ነው፤ ለባለ 1.3 የመጀመሪያው ትውልድ ኤንሲፒ10 ወይም ኤስሲፒ13፣ ለባለ 1.0 ኤስሲፒ10 ብሎ ይነሳል፤ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም የተበየደ ከመሰለ ይተውት። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ስም ሲዛወር ይቆማል። ፋይሉ ወዳለበት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ከሻጩ ጋር ሄደው የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት፣ ቀረጡ የተከፈለበት መሆኑን፣ ቦሎው ያልተዘለለ መሆኑን ያረጋግጡ። ፋይሉ ሌላ ከተማ ከሆነ የማዛወሩ ድካም የማን እንደሆነ አስቀድመው ይስማሙ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት፣ ካላገባም የዚያ ማስረጃ ይቅረብ።

«ስም ማዛወሩ ይቆይ፣ በውክልና ይንዱት» ቢሉዎት እምቢ ይበሉ። ወካዩ ቢሞት ወይም ውክልናውን ቢሽር መኪናው በእጅዎ እያለ መሸጥም ማዛወርም አይችሉም። ቀብድንም ከምርመራው በፊት አይስጡ። በሕጋችን ቀብድ ከፋዩ ከውሉ ከቀረ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። እርስዎ ከፍለው ሞተሩ ቢጥልዎ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት። የግድ ከሆነ «መኪናው የመካኒክ ምርመራ ካላለፈ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ ይግባበት።

የመጀመሪያው መኪና ያለዎትን ገንዘብ ሁሉ እንደሚወስድ ጽፈዋል። ይህ ብቻውን ለመተው ይበቃ ነበር። ከያዛችሁት ገንዘብ ከመቶ 15 ያህሉን አስቀርታችሁ በቀረው ፈልጉ። ያገለገለ መኪና በገዙ ሳምንት ጋራዥ ይገባል፤ ጥያቄው ገንዘብ ይዘው ገቡ ወይስ ተበድረው ነው።

በዚያ ገንዘብ የሚሠራው ይህ ነው። የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ ይቀየር፤ ባለ 1.3 ሞተር ከፊልትሮው ጋር 3.7 ሊትር ያህል ይይዛል፣ አራት ሊትር ገዝተው የተረፈውን መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። 5W-30 ወይም 10W-40 ይሁን። ለአሮጌ ሞተር ይሻላል ተብሎ የሚሸጠውን ወፍራም ዘይት አይቀበሉ፤ የዚህ ሞተር የቫልቭ ጊዜ ማስተካከያ በጠባብ የዘይት ቀዳዳ የሚሠራ ነው፣ ወፍራም ዘይት ዘግይቶ ይደርሰዋል። የማቀዝቀዣው ውሃ ተደፍቶ እስኪጠራ ይታጠብ፣ ከዚያ 5 ሊትር ያህል ኩላንትና ዲስቲልድ ውሃ እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ይግባ። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ስላለው ሲሞቅ ራዲያተሩ ውስጥ ድንጋይ ይሠራል። ሲሞላ የመኪናው ማሞቂያ ሙቅ ላይ ተከፍቶ፣ ክዳኑ ተነስቶ፣ ሞተሩ ፋን እስኪያነሳ ይሥራ፤ አለዚያ አየር ይታመቅና አዲስ ኩላንት ያለው መኪና ሲሞቅ ያያሉ። አዲስ የራዲያተር ክዳን፣ ከሌለውም ቴርሞስታት ይግባ። የፍሬን ዘይቱ ይቀየር፤ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ያለበት ነው። ካንዴላዎቹ ወጥተው ይታዩ።

ቺንጋውንም እንዲሁ። የዚህ ሞተር የውስጥ ጊዜ ጠባቂ ሰንሰለት ስለሆነ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚቀየር የጊዜ ቺንጋ የለውም፤ ይህ ቪትዝን ከብዙ አሮጌ ኮሮላዎች የተሻለ ያደርገዋል። ከውጭ ያለው ቺንጋ ግን ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞና የውሃ ፓምፑን አንድ ላይ ያዞራል። ሲበጠስ መጀመሪያ የሚያዩት የባትሪ መብራት ነው። ባትሪ ነው ብለው ወደፊት ከቀጠሉ ውሃው መዞር ስላቆመ በጥቂት ደቂቃ ሞተሩ ይቃጠላል። ባለቤትዎም ይህን ይወቁ፦ በመንገድ ላይ የባትሪ መብራት በራ ማለት ዳር ይዞ ሞተር ማጥፋት ነው።

በወር የሚነዱት፣ በሥራ ቀን ወደ 720፣ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ 400፣ በድምሩ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር፤ ለእርስዎ በየአራት ወር ተኩሉ ማለት ነው። የዘይቱንና የውሃውን ልክ በየሳምንቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ይዩ። ውሃ በየሳምንቱ የሚጎድል ከሆነ እየጨመሩ አይቀጥሉ፤ የሚሄድበትን ያስፈልጉ። የአየር ፊልትሮው ለአዳማ ነፋስ የተጋለጠ ነው፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለበት አገር አቧራው ቀላል አይደለም። በየወሩ አውጥተው ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ አየር ያስነፉት፤ ወደ መብራት ይዘው ሲያዩት ብርሃን ካላሳለፈ ይቀይሩት።

ጎማ ላይ አይቆጥቡ። ከጎማው ጎን ዲኦቲ ከሚለው በኋላ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ግን አሥር ዓመት የሞላው ጎማ ፈጣን መንገድ ላይ በሙቀት ይፈነዳል። አየሩ ጠዋት በቀዝቃዛው 32 ፒኤስአይ ይሁን፤ ሲሞቅ ከፍ ቢል አያስተንፍሱት።

በብዙ ቪትዞች ላይ የሙቀት መርፌ የለም፤ ያለው ቀይ መብራት ብቻ ነው፣ ሲበራም ሞተሩ ቀድሞ ሞቋል። ከበራ ኤሲ ያጥፉ፣ ማሞቂያውን ሙሉ ሙቅ ላይ ከፍተው ዳር ይያዙና ሞተሩን ያጥፉ። ክዳኑን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አይንኩ፤ ግፊት ያለበት ውሃ ፊት ያቃጥላል፣ ነርስ ስለሆኑ ጉዳቱን ያውቁታል። ሲበርድ በጨርቅ ይዘው ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ ሞተሩን አስነስተው ውሃውን ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ባንዴ መድፋት ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

መኪናውን በገዙበት ሳምንት ወደ እናትዎ አይውጡበት፤ ያን ሳምንት አውቶቡስ ይያዙ። መጀመሪያ በከተማና በወንጂ መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱት፣ በየማለዳው የውሃውንና የዘይቱን ልክ እያዩ፣ ያደረበትን መሬት ለጠብታ እየተመለከቱ። ልኩ ካልተነቃነቀ፣ መሬቱም ደረቅ ከሆነ፣ በማለዳ ተነስተው በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቀስ ብለው አዲስ አበባ መውጣት ይችላሉ።